ያገለገለ የናፍጣ መኪና በምን ይመረመራል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የቴክኒክ ክበብ ተማሪዎች ለወላጆችና ለጓደኞቻቸው ያደረጉት ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ሌሎች ጓደኞቻችን መዝሙርና ቴአትር አዘጋጅተው ሲቀርቡ፣ እኛ ዘይት የነካውን እጃችንን ታጥበን ስለ አሮጌ መኪና ለመናገር በፊታችሁ ቆመናል። ነገሩ ለበዓል የማይስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በምዕራብ ጎጃም አንድ ቤተ ሰብ ያገለገለ ሚኒባስ ሲገዛ የብዙ ዓመት ጥሪቱን በአንድ ቀን ቆጥሮ ይሰጣል። ያ ገንዘብ ከጠፋም የሚጠፋው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የልጆች የትምህርት ዘመንም አብሮ ይጠፋል።

ይህን የምንለው ከሩቅ ሰምተን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዱ ጓደኛችን አባት የሁለት ዓመት በቆሎና በርበሬ ሸጡ፤ የጥንድ በሬ ዋጋ ጨመሩበት፤ የወንድማቸውንም የዕቁብ ዕጣ አከሉበት። ከዚያም አዲስ አበባ ሄደው ሕዝቡ «ዶልፊን» የሚለውን ቶዮታ ሃይኤስ ገዙ። ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ወንበሮቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ ራዲዮኑም ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው። እንግዶቹ ሲደርሱ ሞተሩ ሞቆ ጠበቃቸው፤ እነርሱም ይህን እንደ መልካም መስተንግዶ ቈጠሩት።

በዐሥረኛው ሳምንት መኪናው ተሳፋሪ ጭኖ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲወጣ ፈላ። ረዳቱም በጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ አምጥቶ በጋለው ሞተር ውስጥ ገለበጠበት። ወዲያው የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት፣ ተሰነጠቀ። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ገባ፤ ከክረምት እስከ ክረምትም ቆሞ ሣር በቀለበት። ጓደኛችን በዚያ ዓመት ትምህርቱን አቋርጦ በቀን ሥራ ቤተ ሰቡን ረዳ። ዛሬ ከእኛ ጋር እዚህ ቆሟል። ስሙን አንጠራም፤ ይህን ንግግር እንድናደርግ ያሳሰበን ግን እርሱ ነው።

አባቶቻችን በሬ ሲገዙ እንዴት እንደሚገዙ ሁላችንም እናውቃለን። አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፤ ሻኛውን ይዳብሳሉ፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬዱታል፤ ሻጩ ማን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ ይጠይቃሉ፤ ዋስም ይጠራሉ። እኒሁ አስተዋይ አባቶች ግን የብዙ በሬ ዋጋ የሚያወጣ መኪና ሲገዙ ቀለሙን አይተው ይገዛሉ። ይህም የሚሆነው ማስተዋል አጥተው ሳይሆን፣ የመኪና ጥርስ የት እንደሚታይ የነገራቸው ስለ ሌለ ነው። እኛም ባለፈው ክረምት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጋራዦች ቁልፍ እያቀበልን ያየነውን፣ በክፍል ከተማርነው ፊዚክስ ጋር አዛምደን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ስለ ማለዳ አነሣሥ

የናፍጣ ሞተርን የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ እርሱም በትክክል የሚሠራውን ሞተር በ1897 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአውግስቡርግ ከተማ አሳየ። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው። አየር በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ ግለቱም ናፍጣውን ያለ ክብሪትና ያለ ካንዴላ ያቀጣጥለዋል። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ልጅ መንፊያው ሲሞቅ አይቷል፤ ነገሩ ያው ነው። በአሮጌዎቹ ሃይኤሶች ላይ በሚገኙት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት ሞተሮች ውስጥ አየሩ ሃያ ሁለት እጥፍ ያኽል ይጨመቃል።

ስለዚህ የፒስቶኑ ቀለበቶች ካለቁ ወይም ቫልቮቹ በሚገባ ካልገጠሙ አየሩ ይሾልካል፤ በሚገባ ካልተጨመቀም በሚገባ አይግልም። እንዲህ ያለው ሞተር ከሞቀ በኋላ እንደ ጤነኛ ይሠራል፤ ደዌው የሚገለጠው በማለዳ ብርድ ነው። በሌላ በኩል ሞተሩን በብርድ ለማስነሣት የሚረዱ ትንንሽ የማሞቂያ ካንዴላዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ወይም ሁለቱ ከተቃጠሉም መኪናው በማለዳ ያስቸግራል። ይህኛው በሽታ ቀላል ነው፤ ካንዴላው ተለውጦ ይድናል። ያኛው ግን ሞተር የሚያስወርድ ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ መካኒኩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የጨመቃ ኃይል በመለኪያ ይለካል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ሻጩ መኪናውን ሳያስነሣው ድረሱ። የሃይኤስ ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለ ሆነ ወንበሩን አስነሥታችሁ ብረቱን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ካገኛችሁት «ነገ በማለዳ እንመለሳለን» በሉ። የጓደኛችን አባት ይህን አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ብዙ ነገር በተገለጠላቸው ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጢስ

ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው ይባላል፤ የመኪናም ጉድ ከኋላው በሚወጣው ጢስ ይታወቃል። ጥቁር ጢስ ናፍጣው ከአየሩ በልጦ በሚገባ እንዳልተቃጠለ ያመለክታል። ምክንያቱም በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ናፍጣ ከመርጨት ይልቅ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ የናፍጣ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያኽል የሳሳ ነው። ስለዚህ በአገራችን ደጋ ላይ የሚሠራ ሞተር አየር እንዳያጥረው ፊልትሮው ዘወትር መጽዳት አለበት። ከጥርጊያ ጎዳና ወጥቶ ወደ ገጠር ገበያዎች በበጋ የሚመላለስ መኪና ደግሞ ፊልትሮው ቶሎ ይሞላል።

ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ይህም የቀለበቶች ወይም የቫልቭ ጎማዎች እርጅና ነው። ነጭ ጢስ በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነውና ብዙ አያስፈራም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ከሆነና የራዲያተሩ ውኃ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ከሆነ ግን፣ ውኃው ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና ትታችሁ ሂዱ።

ሦስተኛ፣ ስለ መፍላት

ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በፍኖተ ሰላም ከፍታ ግን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ሁላችንም በፊዚክስ ክፍል ተምረናል። ታዲያ የመኪናው ውኃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ነው። በክዳኑ ላይ ብዙውን ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ይህም ክዳኑ አፍኖ የሚይዘውን ግፊት ያመለክታል። በዚህ ግፊት ምክንያት ውኃው በእኛ ከፍታ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም ሽቦው ከላላ ግን ግፊቱ ይጠፋል፤ ውኃውም በ94 ዲግሪ ይገነፍላል። በእርካሽ የሚገኝ ዕቃ ባለመለወጡ ሞተር የሚያህል ነገር ይበላሻል።

ከክዳኑ ሌላ የመፍላት ምክንያቶች አሉ። እነርሱም በዝገትና በደለል የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጊያ፣ የደከመ የውኃ ፖምፓ ናቸው። አንዳንድ ሰዎች መኪና በፈላ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥተው መጣልን እንደ መድኃኒት ይቈጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ሲሠራ ናፍጣ ያባክናል፤ ቶሎም ያልቃል። ከዚህም በላይ በብዙ ሞተሮች ውስጥ ቴርሞስታቱ ከወጣ፣ ከውኃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ መፍላቱን ሊያብሰው ይችላል።

በመንገድ ላይ ቢፈላ ምን እናድርግ? መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን ማጥፋትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ነው። ትኩሱን ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል። ከቀዘቀዘ በኋላ በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መክፈት፣ ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይገባል። ቴስታታው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ከሥሩ ያለው የሞተር አካል ደግሞ ከብረት የተቀለጠ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ያኽል ይለጠጣል። በዚህ ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲያገኘው ባልተስተካከለ መንገድ ይኮማተራል፤ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። የጓደኛችንን ቤት የጎዳው ይኸው ነው፤ ረዳቱም ሊረዳ ብሎ እንጂ ሊያጠፋ ብሎ አላደረገውም።

በግዥ ቀን ደግሞ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ ውኃውን እዩ። ውኃው የዝገት መልክ ቢኖረው፣ ዘይት ቢንሳፈፍበት፣ ሞተሩ ሲነሣም አረፋ ያለ ማቋረጥ ቢወጣበት መጥፎ ምልክት ነው። የዘይት መለኪያውንም ስባችሁ አውጡ፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታል።

አራተኛ፣ ስለ ናፍጣው ንጽሕና

ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ ባለ መኪናዎች በበርሜልና በጀሪካን የተቀመጠውን ለመግዛት ይገደዳሉ። በዕቃው ውስጥ ውኃና ቆሻሻ ካለ ወደ መኪናው ታንከር ይገባል። የናፍጣ ፖምፓውን ውስጥ የሚያለሰልሰው ሌላ ዘይት ሳይሆን ራሱ ናፍጣው ነው፤ ስለዚህ ውኃ ከገባበት ፖምፓው ይፋጫል፤ ይዝጋል። ይህን ፖምፓ ማሠራት ከፍ ያለ ወጪ ይጠይቃል። አዲስ ከሆኑት «አባዱላ» ከሚባሉት መኪናዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ናፍጣውን ከአንድ ሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩ ስለ ሆኑ፣ ለቆሻሻ ከአሮጌዎቹ ይልቅ ስስ ናቸው።

መከላከያው ቀላል ነው። ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል ውኃው ከሥር ይዘቅጣል፤ በናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ በየጊዜው ከፍቶ ውኃውን ማውጣት ይቻላል። በጀሪካን የተገዛውም ናፍጣ ሌሊቱን ረግቶ ይደር፤ ከሥር የዘቀጠው ሳይነካ ከላይ ይቀዳ። ደግሞም ታንከሩ እስኪደርቅ መንዳት ተገቢ አይደለም። ናፍጣው ጨርሶ ካለቀ በመስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፤ ያን ጊዜ ናፍጣ ቢጨመርም ሞተሩ አይነሣም። አየሩ በእጅ ፖምፓ ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ ሞተሪኖውን ደጋግሞ መምታት ባትሪ ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም።

አምስተኛ፣ ስለማይታየው ቺንጊያ

ከላይ በጠቀስናቸው ሞተሮች ውስጥ ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅስ የጎማ ቺንጊያ አለ። እርሱም በክዳን ተሸፍኖ ስለሚኖር ከውጭ አይታይም። በ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ ይገባዋል፤ በብዙዎቹም መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለ። ይህ ቺንጊያ ሌሎቹ በሽታዎች እንደሚሰጡት ያለ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ሞተሩም በአንድ ቅጽበት ይሰበራል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል፣ መብራቱም በሰው እጅ ሊጠፋ እንደሚችል የታወቀ ነው። ስለዚህ ቺንጊያው መቼ እንደ ተለወጠ በጽሑፍ የሚያሳይ ከሌለ፣ አልተለወጠም ብላችሁ ቍጠሩ፤ ዋጋውንም ከግዥው ገንዘብ ላይ አስቀሩ።

ስድስተኛ፣ ስለ ፍሬን

እስካሁን የተናገርነው ገንዘብ ስለሚያጠፋ ጉዳት ነው፤ ይህኛው ግን ነፍስ የሚያጠፋ ነው። ከአዲስ አበባ መኪና ገዝቶ ወደ ጎጃም የሚመለስ ሰው የዓባይን በረሃ ማለፍ አለበት። ከጎሐ ጽዮን መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬኑን፣ አቀበቱ ራዲያተሩን ይመረምራል።

በቁልቁለት ፍሬን ያለ ዕረፍት ከተረገጠ ሸራውና ታምቡሩ ይግላሉ፤ የጋለ ሸራም መያዝ ይሳነዋል። የፍሬኑ ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ሲግል ተንኖ አረፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ዳገቱን በሚወጡበት ከባድ ማርሽ መውረድ፣ ዘይቱንም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ያስፈልጋል።

አንድ ክፉ ልማድ ደግሞ አለ፤ ናፍጣ ለመቆጠብ ሲባል ሞተር አጥፍቶ መውረድ። የናፍጣ መኪና ፍሬን ለእግር የሚያግዘውን ኃይል የሚያገኘው ሞተሩ ከሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የአየር መሳቢያ ፖምፓ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓው ይቆማል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላም ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ይህን አያውቁም። እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ በምትሳፈሩበት መኪና ሾፌሩ በቁልቁለት ሞተር ሲያጠፋ ብትሰሙ ዝም አትበሉ፤ «ልጄ፣ ሞተሩን አስነሣ» በሉት።

በግዥ ጊዜ ፍሬኑን ለመመርመር ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ በመጨረሻም ረግጣችሁ እንደ ያዛችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ረዳቱ ኃይል ደኅና ነው፤ ምንም ካልተነቃነቀ ግን ታሟል።

በመጨረሻም ከመኪናው ሥር ገብታችሁ ሻንሲው በብየዳ የተቀጠለ እንደ ሆነ፣ ባሌስትራው የተሰበረ እንደ ሆነ፣ መሪው ሲዞር የሚላላ ነገር እንዳለ እዩ። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ፤ ቁጥሩ ካልተስማማ ዋጋው ምንም ያኽል ቢረክስ አትግዙ።

ምናልባት «አሮጌውን ትቶ አዲስ መግዛት አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ለብዙ ሰው የሚቻል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች እየመጡ ነው፤ እኛም ልንማራቸው እንጓጓለን። ሆኖም ዛሬ የታመመውን ከገጠር ወደ ሐኪም ቤት፣ በርበሬውን ወደ ገበያ፣ ተማሪውን ወደ ፈተና የሚያደርሰው ይህ አሮጌ የናፍጣ መኪና ነው። ስለዚህ ልናውቀውና ልንጠብቀው ይገባናል።

ወላጆቻችንን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሻጩ ጋር ዝምድና ለሌለው መካኒክ የምርመራ ዋጋ ከፍላችሁ አብሯችሁ እንዲሄድ አድርጉ፤ ለበሬ ዋስ እንደምትጠሩ ሁሉ መካኒኩ የመኪናው ዋስ ይሁናችሁ። ሁለተኛ፣ በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር፤ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጊያና የፍሬን ዘይት የተለወጡበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍበት። ጽሕፈቱን ለእኛ ለልጆቻችሁ፣ ለወንዶቹም ለሴቶቹም፣ ስጡን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከመግዛት መመርመር ይቅደም።

ከማንኩሳ ማዶ የፈላው መኪና በብዙ ድካም ተሠርቶ ዛሬ እንደ ገና በሥራ ላይ ነው። የጓደኛችን አባት አሁን ከመናኸሪያ ሳይወጡ ውኃውንና ዘይቱን በገዛ እጃቸው ያያሉ፤ ልጃቸውም ማታ ማታ ደብተሩን ይጽፋል። አንዱን ዓመት አጥቷል፤ ትምህርቱን ግን አልተወም።

የከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ በሰላም ደርሶ እንዲመለስ፣ እኛም በተማርነው ትምህርት የበኩላችንን እንድናደርግ ምኞታችን ነው።